ቦይለሩ የሚያንጠባጥበው መቼ ነው?

የቤት ውሃና ቧንቧ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በ2010 ዓ.ም. የገዛሁት 80 ሊትር የሚይዝ የኤሌክትሪክ ቦይለር መታጠቢያ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከጥር ወር ጀምሮ ከሥሩ ውሃ ሲንጠባጠብ አየሁ። በዚያው ሰሞን ከበታቼ የሚኖሩት ጎረቤቴ «ጣሪያችን ረጠበ» ብለው መጡ፤ ወርጄ ሳይ እውነትም የእንጀራ ምጣድ የሚያህል እርጥበት አለ። የመጀመሪያው ባለሙያ ቦይለሩን በጣቱ መታ መታ አደረገና «በርሜሉ ተበስቷል፣ አዲስ ይግዙ» አለኝ። ሁለተኛው ውሃ የሚወጣባትን ትንሽ አፍ በመድፈኛ ብሎን ጥርቅም አድርጎ ዘጋልኝ፤ 600 ብር ከፈልኩት፤ ጠብታውም ቆመ። የጎረቤቴ ጣሪያ ግን ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፣ አልደረቀም፤ እንዲያውም እርጥበቱ ሰፋ። ድሮ ቡና ሳይጠራሩ የማይውሉት ጎረቤቴ አሁን ሰላምታቸው ቀዝቅዞብኛል። ቦይለሩን ልጣለው? ወይስ ግድግዳ አስፈርሼ ቧንቧ ላስቀይር?

— ከልደታ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት መልሱን ለኅትመት ማቆየት አልሆነልኝም፤ ስልክዎን ከዝግጅት ክፍሉ ተቀብዬ ወዲያው የደወልኩልዎ ለዚህ ነው። ያስደነገጠኝ መድፈኛው ብሎን ነበር። በስልክ ያልኩዎትን እዚህ የምደግመው፣ እንዲህ ያለ ብሎን በተገጠመበት ቦይለር ሥር በየቀኑ ገላውን የሚታጠብ ሌላ አንባቢ እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው። በዚህ ከተማ መሐል በሠራሁባቸው 31 ዓመታት ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አሮጌ ቤቶች አንሥቶ እስከ ሜክሲኮ ዙሪያ ፎቆች ድረስ እንዲህ የተደፈኑ አፎችን በገዛ እጄ ስፈታ ኖሬያለሁ።

ያች አፍ ያለችበት ዕቃ ሴፍቲ ቫልቭ ይባላል። ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ቦይለሩ በሚገባበት ቧንቧ ላይ የሚገጠም፣ ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ የናስ ዕቃ ነው። ሁለት ሥራ ይሠራል። የገባው ውሃ ወደ መጣበት እንዳይመለስ ያግዳል፤ በርሜሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከልኩ ሲያልፍ ደግሞ ትርፉን ውሃ በዚያች አፍ ያስወጣል። ልኩ አካሉ ላይ ተቀርጿል፤ የእርስዎ 8 ባር እንደሚል አንብበውልኛል (ባር የግፊት መለኪያ ነው)።

ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። ድስት እስከ አፉ ጢም አድርገው ሞልተው ቢጥዱ፣ ገና ሳይፈላ ጠርዙን አልፎ ምድጃው ላይ ሲወርድ ያዩታል። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ 65 ዲግሪ ሲደርስ የሚጨምረው መጠን ወደ አንድ ሊትር ተኩል ይጠጋል። ይህ ትርፍ ውሃ የት ይሂድ? ቧንቧዎቹ ሁሉ ተዘግተዋል፤ የመጣበት መንገድ በቫልቩ ታግዷል፤ ብረቱ አይለጠጥም። ያለችው መውጫ ያች አፍ ብቻ ናት። ስለዚህ ቦይለሩ በሚሞቅበት ሰዓት ጥቂት ቢያንጠባጥብ እየተነፈሰ ነው ማለት ነው።

ትንፋሹ ሲዘጋ ምን ይሆናል? በየሌሊቱ ቦይለሩ በሞቀ ቁጥር በርሜሉ ከተሠራበት ልክ በላይ ይወጠራል፤ አንድ ሰው ቧንቧ ሲከፍት ይረግባል፤ ማታ እንደገና ይወጠራል። ከውስጥ በኩል ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው እንደ ሸክላ የተቀባ መስታወት መሰል ሽፋን በዚህ መወጠርና መርገብ ይሰነጣጠቃል። ጠብታ ለማቆም ተብሎ የተገጠመው ብሎን በርሜሉን በእርግጥ ያስበሳዋል። ይህ ትንሹ ጉዳት ነው። ትልቁ የሚመጣው ሙቀት ለክቶ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ቴርሞስታት የተበላሸ ቀን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታን ያለፈች ከተማ ስለሆነች ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በተደፈነ በርሜል ውስጥ ያለ ውሃ ግን በዚያ ሙቀት አይፈላም፤ 100ን አልፎም ውሃ እንደሆነ መጋሉን ይቀጥላል። በርሜሉ አንድ ቦታ ላይ የለቀቀ ዕለት ያ ሁሉ ሙቀት በቅጽበት ከውሃው ከፊሉን ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል፤ አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ማንም ሰው እንዲህ ያለ በርሜል ሥር ቆሞ ፀጉሩን መታጠብ የለበትም። ብሎኑን በዚያው ምሽት ቦይለሩን አጥፍተው ስላስፈቱ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ብሎኑ ከተፈታ በኋላ ሦስት ሙከራ እንዲያደርጉልኝ ለምኜዎት ነበር። ወዲያው መጥቼ ማየት እችል ነበር፤ ግን ባለሙያ በአንድ ጉብኝት የሚያየው የአንድ ሰዓት ውሃ ነው፤ ቀንና ሌሊቱን የሚያየው የቤቱ ባለቤት ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ፒያሳ ውስጥ ከጣሊያን ወረራ ዘመን በቀሩ ቤቶች ሲሠሩ ያረጁ ሰው ነበሩ። ደንበኛ «ይፈስሳል» ሲላቸው በመጀመሪያ የሚጠይቁት «መቼ?» ብለው ነበር። «የት?» የሚለው ቆይቶ ይመጣል። ውሃ ስለ ቦታው ሰውን ያታልላል፤ በቧንቧ ላይ ተንሸራትቶ፣ በግድግዳ ውስጥ ወርዶ፣ ከወጣበት ሁለት ክንድ ርቆ ይንጠባጠባል። ስለ ሰዓቱ ግን ማታለል አይችልም። ሲሞቅ ብቻ ነው? ቀዝቅዞም ነው? ውሃ ከጠፋ በኋላ ነው? ልብስ በሚታጠብበት ቀን ነው? እነዚህን የሚመልስ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

የመጀመሪያው ሙከራ የጠርሙሱ ነበር። ባለ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ በሴፍቲ ቫልቩ አፍ ሥር በገመድ አንጠልጥለው ሦስት ሌሊት እንዲለኩ ነበር። እርስዎም እንደ መምህርነትዎ በመስመር በተከፈለ ወረቀት መዝግበው ላኩልኝ፤ እንደዚያ ያለ መዝገብ ከብዙ ባለሙያዎች እንኳን አላየሁም። በመጀመሪያው ሌሊት ከምሽቱ 4 ሰዓት አብርተው ማንም ውሃ ሳይነካ አደረ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ከአንድ ሊትር ትንሽ በለጥ ያለ ውሃ ተገኘ። በሁለተኛው ሌሊት ቦይለሩ እየሞቀ ሳለ ዕቃ አጠቡ፤ ግማሽ ሊትር እንኳን አልሞላም፤ ያበጠው ውሃ በተከፈተው ቧንቧ ወጥቷልና። በሦስተኛው ሌሊት ቦይለሩ ጠፍቶ አደረ፤ ጠርሙሱ ደረቅ ነበር።

ይህ መዝገብ ብቻውን የመጀመሪያውን ባለሙያ ፍርድ ይሽረዋል። የተበሳ በርሜል መብራት መኖር አለመኖሩን አይጠብቅም፤ ቀዝቅዞም ሞቆም ይፈስሳል። የሚፈስሰውም ከቫልቩ አፍ ሳይሆን ከቦይለሩ የውጭ ልባስ መጋጠሚያ ነው፤ ብዙ ጊዜም የዝገት ቀለም ይዞ፣ በውስጥ ያለውን የሙቀት መከላከያ ስፖንጅ አርሶ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሙቅ ውሃ ሲከፍቱ ጠዋት ላይ ቡናማ ሆኖ መምጣቱም አንዱ ምልክት ነው። እንዲህ ከሆነ እኔም ያለ ማመንታት «ይቀየር» እላለሁ፤ በርሜልን መበየድ አያዋጣም፤ የብየዳው እሳት የውስጡን ሽፋን ስለሚያቃጥለው ከጎኑ ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል። የእርስዎ ቦይለር ግን ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም የለበትም። በጣት መታ መታ ማድረግ ደግሞ ሐብሐብ ለመምረጥ ካልሆነ በቀር ለቦይለር ምርመራ አይጠቅምም።

በርሜሉና ቫልቩ ጤነኞች ሆነው ከሥር የሚያንጠባጥብ ሦስተኛ ቦታም አለ፤ አንባቢዎች ይህን በተለይ ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ከቦይለሩ ሥር የኤሌክትሪክ ሽቦው የሚገባበት የፕላስቲክ ክዳን ይገኛል። ከክዳኑ ጀርባ ውሃውን የሚያሞቀውን ሬዚስታንስ የያዘ ክብ ብረት በብሎኖች ታስሯል፤ በእሱና በበርሜሉ መካከል የጎማ ጋስኬት ገብቷል። ያ ጎማ በዓመታት ሙቀት ይደርቅና ውሃ ያሾልካል። ጋስኬቱ ርካሽ ነው፤ አደጋው ግን ርካሽ አይደለም፤ ምክንያቱም ጠብታው የሚወርደው 220 ቮልት በሚሄድባቸው ሽቦዎች ላይ ነው። ከዚያ ክዳን ዳርቻ ውሃ ካዩ፣ ወይም ቧንቧ ሲነኩ እጅዎን የሚነዝር ነገር ከተሰማዎት፣ ቦይለሩን በማብሪያ ማጥፊያው ሳይሆን በቆጣሪው በኩል ባለው ብሬከር ያጥፉት፤ ባለሙያ ሳያየውም አያብሩት። ብዙ የመሐል ከተማ አሮጌ ቤቶች የሾለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው የመሬት ሽቦ የላቸውም፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥም ሽቦው ተዘርግቶ ሶኬቱ ላይ ሳይታሰር የቀረበት ቤት ገጥሞኛል።

ሁለተኛው ሙከራ የቆጣሪው ነበር። ጎረቤትዎ «ቧንቧሽ በግድግዳ ውስጥ ፈንድቷል» ብለው ስለሚያምኑ ይህን ጥርጣሬ በቅድሚያ ማጥራት ነበረብን። ውሃ በደንብ በሚመጣበት ቀን ቦይለሩን አጥፍተው፣ ቧንቧ ሁሉ ዘግተው፣ የሽንት ቤቱ የውሃ ሳጥን እንዳይሞላ መዝጊያውን ቆልፈው፣ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ተሽከርካሪ ሁለት ሰዓት ሙሉ እየተመላለሱ ተመለከቱ። ንቅንቅ አላለችም። ግፊት ያለበት ቧንቧ፣ ቀዝቃዛውም ሙቁም፣ የትም ቦታ አይፈስስም ማለት ነው። ግድግዳ የማፍረሱ ሐሳብ እዚህ ላይ አበቃ። (ሮቶ ላላቸው ሰዎች ቆጣሪው ይህን አይነግራቸውም፤ የሮቶውን መግቢያ ዘግተው የውሃውን ከፍታ ማታ በጠመኔ ምልክት ያድርጉና ጠዋት ይዩት።)

ሦስተኛው ሙከራ ከሁሉ ከባዱ ነበር፤ ምክንያቱም ከተቀየሙ ጎረቤት ቤት መግባት ይጠይቃል። ቡና ይዘው ወረዱ፤ የሆነውንም ነገሯቸው። ጎረቤትዎ ራሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው የእርጥበቱን ዳርቻ በእርሳስ ዞሩበት፤ ቀኑንም ጻፉበት። ከዚያ እርስዎ አራት ቀን ሻወር ሳይጠቀሙ፣ ገላዎን በሳፋ እየታጠቡ፣ እጣቢውን ሽንት ቤት ውስጥ እየደፉ ቆዩ። በዕድሜዎ ይህን ሁሉ በማድረግዎ አክብሮቴ ትልቅ ነው። በአራተኛው ቀን እርጥበቱ ከእርሳሱ መስመር አላለፈም፤ ጠርዙም ነጣ ማለት ጀምሮ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሻወሩን አሥር ደቂቃ ወለሉ ላይ አፈሰሱት። በማግስቱ እርጥበቱ መስመሩን ሁለት ጣት ያህል አልፎ ተገኘ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ያስቆመኝ ዓረፍተ ነገር ይህንኑ ይናገር ነበር፦ ጠብታው ቆመ፤ ጣሪያው ግን አልደረቀም። ሁለት ነገሮች አንድ ምንጭ ቢኖራቸው ኖሮ አንዱ ሲቆም ሌላውም መቆም ይጀምር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ ያየሁትን ያውቁታል፤ ለሌሎች አንባቢዎች ልንገር። በወለሉ የፍሳሽ ቀዳዳ ዙሪያ በሴራሚኮቹ መካከል ያለው ሙሌት ተቦርቡሮ አልቋል፤ ቢላዋ ያለ ምንም ችግር ይገባል። የፍሳሹ ቧንቧ ሶሌታውን፣ ማለትም በሁለቱ ፎቆች መካከል ያለውን ኮንክሪት፣ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ደግሞ በቧንቧውና በኮንክሪቱ መካከል ጣት የምታስገባ ክፍተት ነበረች፤ ውሃ የማያሳልፍ ቅብ የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አልተቀባባትም። ሻወር ላይ የሚወርደው ውሃ አብዛኛው ወደ ቧንቧው ይገባል፤ ጥቂቱ ግን በዚያች ክፍተት ወደ ጎረቤት ጣሪያ ይሰርጋል።

ቦይለሩም ከነገሩ ፈጽሞ ንጹሕ አልነበረም። የሰቀለው ሰው ከሴፍቲ ቫልቩ አፍ ወደ ፍሳሹ የሚወስድ ቱቦ አልገጠመለትም። ስለዚህ ቦይለሩ በሞቀ ቁጥር የሚወጣው ውሃ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ማዕዘን ላይ ሲወድቅ ኖሯል፤ ያች ማዕዘን ሙሌቱ ቀድሞ ያለቀባት ናት። ለግማሽ ሜትር ቱቦ ተብሎ የተተወ ሥራ የሰው ጣሪያ አበላሸ። ይህ ያናድደኛል። ቦይለር መስቀል ማለት ሁለት ቧንቧ አገናኝቶ መሄድ አይደለም።

የሠራነውም ይህን ነው። በፍሳሹ ዙሪያ ያሉትን አራት ሴራሚኮች አንሥተን፣ ክፍተቱን አጽድተን በሲሚንቶ ሞላነው፤ ሲደርቅ ውሃ የማያሳልፍ ቅብ ሁለት ጊዜ ቀባነው፤ ሁለተኛውን የቀባነው የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ ነው። ሴራሚኮቹን መልሰን ሙሌቱን በአዲስ ሠራን። ከቫልቩ አፍ ወደ ፍሳሹ ቁልቁል የሚወርድ ቱቦ ዘረጋን። የቱቦው ጫፍ ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት፤ እንዳይታጠፍ፣ ውሃ ውስጥም እንዳይጠልቅ ይጠንቀቁ። ከዚህ በኋላ በቱቦው ጫፍ ጠብታ ቢያዩ ደስ ይበልዎት እንጂ አይደንግጡ።

ለጎረቤትዎ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ፦ ኮንክሪት የጠጣውን ውሃ ቶሎ አይተፋም፤ ሳምንታት ይወስድበታል። እርሳሱን በየሳምንቱ አዲስ ቀን እየጻፉ ያዙሩት። እርጥበቱ ወደ ውስጥ እየጠበበ ከሄደ ሥራው ይዟል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቀለም አይቀቡት፤ ይላጣል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ የቦይለሩ ዕድሜ። በመጣሁበት ቀን ውሃውን አራግፌ የሥር ክዳኑን የከፈትኩት ለዚህ ነበር። በእነዚህ በርሜሎች ውስጥ የማግኒዚየም ዘንግ አለ። የውስጡ ሽፋን ምንም ቢሆን ዓይን የማያያቸው ስንጥቆች አያጣውም፤ ማግኒዚየሙ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ከዝገት ያተርፋል። አዲስ ሲሆን እንደ አውራ ጣት ይወፍራል። የእርስዎን ሳወጣው የቀረው በመሐሉ የሚያልፈው ቀጭን ሽቦና ሁለት ሦስት ቦታ ላይ የተንጠለጠለ ነጭ ፍርፋሪ ብቻ ነበር። ሌላ አንድ ዓመት ቢቆይ የመጀመሪያው ባለሙያ ትንቢት ይደርስ ነበር። አዲስ ዘንግና አዲስ ጋስኬት ከተክለ ሃይማኖት ገዝተው አስመጡ፤ ሁለቱ ተደምረው ከአዲስ ቦይለር ዋጋ ጋር አይወዳደሩም። ከበርሜሉ ሥር ሁለት እፍኝ የሚሆን ነጭ ክምችት ጠርጌ አወጣሁ። ይህ የውሃችን ማዕድን ነው፤ በተለይ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ከሚመጣው ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል፤ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ላይ ይጋገራል። ዘንጉን በየሁለት ዓመቱ አስከፍተው ያሳዩ። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ይህን አልነገረኝም ብለውኛል፤ ሻጩ ሊነግርዎት ይገባ ነበር።

ቦይለሩን አይጣሉት። ቆራሌው ገና ብዙ ዓመት ይጠብቅ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእኔ ቦይለር ሴፍቲ ቫልቩ ሌትና ቀን ያንጠባጥባል፤ ባጠፋውም አይቆምም። የጀመረው ውሃ አምስት ቀን ጠፍቶ የተመለሰ ዕለት ነው። ሮቶና ፓምፕ አለን። አንድ ጓደኛዬ «10 ባር የሚል ቫልቭ ቀይርበት፣ ያቆማል» አለኝ።

— ከአምስት ኪሎ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጓደኛህን ምክር አትስማ። ቫልቭ ስትቀይር በአሮጌው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያለውን ግዛ እንጂ ከፍ ያለ አትግዛ። ቁጥሩ የበርሜሉ አቅም ነው፤ ከፍ ያለ ቫልቭ መግጠም ግማሽ መድፈን ማለት ነው።

«መቼ» ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ ሰጥተኸኛል። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ በቧንቧው ውስጥ የተቀመጠውን ደለልና ዝገት ጠራርጎ ይመጣል። አንዲት የአሸዋ ፍሬ በቫልቩ መቀመጫ ላይ ካረፈች አፉ አይገጥምም። ቫልቩ ላይ ትንሽ እጀታ አለች፤ ቦይለሩ ቀዝቅዞ ሳለ ባልዲ ከሥር አድርገህ አንሣት፣ ውሃው በኃይል ለጥቂት ሰኮንዶች ይውጣ፣ ልቀቃት። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግም። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ያቆማል። ይህችን እጀታ በየወሩ ማንቀሳቀስ ልማድ ይሁንህ፤ ሳትነካ ከቆየች ትደርቅና በምትፈለግበት ቀን አትከፈትም።

ካላቆመ ፓምፑን ተጠራጠር። ፓምፑ ሲሠራ ብቻ የሚብስ ከሆነ ግፊቱን በመለኪያ አስለካው፤ ወደ ቦይለሩ የሚገባው ከ5 ባር ከበለጠ የፓምፑ ማስተካከያ ዝቅ ይበል ወይም ግፊት መቀነሻ ይገጠም። ሁለቱም ካልሆነ ቫልቩ አርጅቷልና ቀይረው። ስትቀይር በቫልቩና በበርሜሉ መካከል ምንም ዓይነት መዝጊያ እንዳይገባ። አንድ ቤት ውስጥ ባለሙያው «ለጥገና እንዲመች» ብሎ እዚያ መሐል መዝጊያ አስገብቶ አገኘሁ፤ አንድ ልጅ ቢዘጋው ሴፍቲ ቫልቩ የሌለ ያህል ይሆናል።

ስለ ውሃው መጥፋት አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ውሃ ለቀናት ሲጠፋ ቦይለሩን አጥፋ። የማይመልሰው የቫልቩ ክፍል ደክሞ ከሆነ በርሜሉ ወደ ኋላ ሊራገፍ ይችላል፤ ባዶ በርሜል ውስጥ የበራ ሬዚስታንስ ወዲያው ይቃጠላል። ውሃ ሲመለስ መጀመሪያ የሙቁን ቧንቧ ከፍተህ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ጠብቅ፤ ከዚያ አብራ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለፈው ሐምሌ ቦይለሩ ሥር በየጠዋቱ ውሃ እናገኝ ነበር፤ በበጋ ጠፋ። ሦስት ልጆች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ተራ በተራ ይታጠባሉ። ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይመጣ ይሆን?

— ከጥቁር አንበሳ አካባቢ፣ የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ ይመጣ ይሆናል፤ ግን ፍሳሽ አይመስለኝም። ሦስት ልጆች በሙቅ ውሃ ተከታትለው ሲታጠቡ ክፍሉ በእንፋሎት ይሞላል። በክረምት ወደ ቦይለሩ የሚገባው ውሃ ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ቧንቧ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። እርግጠኛ ለመሆን ቧንቧውን በደረቅ ጨርቅ በደንብ ይጥረጉትና መጋጠሚያዎቹን ለየብቻ በሶፍት ይጠቅልሏቸው። ሶፍቱ መጋጠሚያው ላይ ብቻ ከረጠበ እዚያ ይፈስሳል፤ አዲስ ቴፍሎን ተጠቅልሎበት ይጠበቅ። በቧንቧው ርዝመት ሁሉ እኩል ከረጠበ ጤዛ ነው፤ ልጆቹ ሲታጠቡ መስኮቱን ገርበብ ያድርጉት፤ በቀዝቃዛው ቧንቧ ላይም የስፖንጅ ልባስ ያልብሱት።